የአባቴ ግራ እግር

ጋራዤ ሸሕዲ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ በእኔ በኩል ሳያልፍ አይቀርም፤ ምክር በነፃ ነዋ! «ማንዋል ይሻለኛል ወይስ አውቶማቲክ?» ይለኛል። ድሮ ቢሆን ይህችን ጥያቄ ስሰማ ደስታዬ ነበር። እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ግማሽ ቀን ሙሉ እዘበዝብ ነበር። አሁን ግን መልሼ እጠይቃለሁ፦ «የሚነዳው ማን ነው? ስንት ዓመት ነድቷል? በምን ነው የነዳው?» አንዳንዱ ግር ይለዋል። አንዳንዱም «ምን አገባህ፣ የጠየቅሁህን መልስ» ይለኛል። ለምን እንዲህ እንደሆንሁ ለአንድም ደንበኛዬ ነግሬ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ያን ጊዜ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበርሁ። ትራክተርም ሆነ መኪና ድምፁን ብቻ ሰምቼ በሽታውን የምናገር፣ በዚህም ትንሽ የምኮራ መካኒክ። ኧረ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ነበር የምኮራው።

አባቴ ፈንታሁን ይባላሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብደራፊ በሰው እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዱ ኖረው፣ ኋላ ጥቂት ሄክታር የሰሊጥ መሬት ያዙና አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዙ። የአሮጌ ትራክተር ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ታውቃላችሁ? ሙሉ ሰውነታችሁን ካልጫናችሁበት ንቅንቅ አይልም። ዓመታት እሱን ሲረግጡ ኖረው የግራ ጉልበታቸው አበጠ። ፒክአፗም ብትሆን ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ያንኑ እግር ነው የምትፈልገው። እርሻ ደርሰው ሲወርዱ ጉልበታቸው እንቢ ይላቸዋል፤ ሰው እንዳያውቅባቸው ወንበሩ ሥር የሚፈልጉት ነገር ያለ አስመስለው ጎንበስ ብለው ይቆያሉ። ይህን ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

«አባባ፣ እኔ ልንዳልዎት፤ ካልሆነም ሹፌር እንቅጠር» ብላቸው ተቆጡኝ።

«ገና ሳልሞት መሪዬን ልትወርስ ነው?»

ስለዚህ ሌላ መላ ዘየድሁ። አሮጌዋን ሸጬ፣ የራሴን ጨማምሬ፣ ከጎንደር አንድ አውቶማቲክ ፒክአፕ አመጣሁላቸው። የሙያ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ባትሪው ቢሞት ገፍተህ አታስነሳውም! ካምቢዮው ቢበላሽ ማን ሊፈታልህ ነው? ይኸ የከተማ ሴቶች መኪና ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ አውቶማቲክ በግፊት አይነሳም፣ እዚህ ቆላ ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሹን ሳጥን፣ ደፍሮ የሚከፍተውም የለም። ለዕለት ሥራ፣ ለጭቃና ለጭነት ማንዋል እንደሚሻል ለሰው ሁሉ ስመክር የኖርሁት እኔው ነኝ። አውቶማቲክ ግን ግራ እግር አይጠይቅም። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አልነበረም፤ አባቴ ሳይሳቀቁ ከመኪናቸው እንዲወርዱ ፈለግሁ።

ማስተማሩ የአንድ እሁድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ኳስ ሜዳ ወሰድኋቸው።

«አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግራ እግርዎ ሥራ የለውም።»

«አርባ ዓመት ሲያገለግለኝ ኖሮ ጡረታ አስወጣኸው?» ብለው ሳቁ።

መንዳት ለማታውቁ ልንገራችሁ። በማንዋል መኪና ለማቆም ስትፈልጉ ቀኝ እግር ፍሬን ይይዛል፣ ግራው ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ድረስ ባለ በሌለ ኃይል ይረግጣል። አውቶማቲክ ላይ ፍሪሲዮን የለም። ፍሬኑ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ወደ ግራ እግር ጠጋ ይላል። አባቴ በዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ፍሬኑን ደፈጠጠው። መኪናው በአንዴ ቀጥ ሲል እኔ ግንባሬን ከመስታወቱ ጋር አላተምሁ። ተሳሳቅን። በሦስተኛው ዙር አልረገጡም፤ በአራተኛውም አልረገጡም። «በቃ፣ አልፈዋል» አልኋቸው። አርባ ዓመት የነዳ ሰው ምን ትምህርት ያሻዋል ብዬ ነው። አያችሁ፣ አደጋው አርባው ዓመት መሆኑ አልታየኝም። ጀማሪ ቢሆኑ ኖሮ እግራቸው የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም ነበር።

አሁን ስለ አያ ስንሻው ልንገራችሁ። የጎጃም ሰው ነው። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ እንዲህ ያለውን የደጋ ሠራተኛ እዚህ ሳሉግ እንለዋለን። ሌላው ሳሉግ የተሻለ ወደሰጠው እርሻ ይሄዳል። አያ ስንሻው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ከአባቴ ማሳ ሌላ ማጭድ አላነሳም። ታናሽ ወንድሜን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፤ ስለዚህ አባቴና እሱ «አበልጄ» ነበር የሚባባሉት። እኔ አንቱ ስለው «ገና ጥርሴ አልወለቀም» ብሎ ስለሚቆጣ አንተ እለዋለሁ። መኪናውን ያየ ዕለት ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ «ታዲያ ማርሹን ማን ነው የሚቀይረው?» አለኝ። «ራሱ» አልሁት። «ራሱን የሚያዝ ነገር አልወድም» ብሎ አሳቀን።

የዚያን ሰሞን ሰሊጡ ደርሶ ነበር። ሰሊጥ ቀን ካለፈበት ይራገፋል፤ ዓመት የተለፋበት መሬት ላይ ይቀራል። ሠራተኞቹ ማሳ ላይ ውሃና ዱቄት አልቆባቸው ነበርና ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት በርሜል ውሃና ዱቄት ጭነን ከሸሕዲ ወጣን። አባቴ ይነዳሉ። እኔ አጠገባቸው ነኝ። አያ ስንሻው ከኋላ ከጭነቱ ጋር ቆሞ የጋቢናውን ብረት ይዟል።

አባቴን እንደዚያ ዕለት ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። አስፋልቱን ለቀን ወደ እርሻው መንገድ ከታጠፍን በኋላ እንኳ ያንጎራጉሩ ነበር። መንገዱ ደርቋል፤ ከወትሯቸው ፈጠን ብለው ነበር የሚሄዱት።

«ታውቃለህ?» አሉኝ፣ ግራ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ። «እስካሁን አንዴም አላመመኝም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እያወቅህ ነው እስከ ዛሬ የደበቅኸኝ?»

«ይኸው አላመጣሁልዎት?»

«ይባርክህ።»

ይህን ምርቃት ተቀብዬ አሜን ያልሁ ይመስለኛል። ከዚያ ጋቢናው ከላይ ሁለቴ ተንኳኳ።

ከኋላ የቆመ ሰው አንዴ ካንኳኳ ሂድ ማለት ነው፤ ሁለቴ ካንኳኳ ቁም። ደንቡን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ በዚህ አገር የማያውቀው የለም። አባቴ ይህን ድምፅ ዕድሜ ልካቸውን ሰምተዋል። «እሺ» አሉ። ቀኝ እግራቸው ነዳጁን ለቀቀ። ግራ እግራቸው ደግሞ አርባ ዓመት ሲያደርግ የኖረውን አደረገ፤ የሌለውን ፍሪሲዮን ፈልጎ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ድረስ ረገጠው።

መኪናው ግድግዳ የገጨ ያህል ቆመ። እኔ ደረቴን ተመታሁ። ከኋላ በርሜሎቹ ተንሸራተው ከጋቢናው ጋር ሲጋጩ ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት በመስታወቱ ላይ ጥላ አለፈ። በአንድ እጁ እያንኳኳ ስለነበር የያዘው በአንድ እጁ ብቻ ነው። አያ ስንሻው በጋቢናው ላይ አልፎ ከፊታችን መሬት ላይ ወደቀ።

አባቴ «አበልጄ!» ብለው በሩን ከፍተው ዘለሉ። ማንዋል ቢሆን ኖሮ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ እንዲያ በአንዴ ሲቆም ሞተሩ ይጠፋ ነበር። ይኼኛው አልጠፋም። እግር ከፍሬኑ ላይ ሲነሳለት ጊዜ ማርሹ እንደገባ ስለነበር ቀስ እያለ ወደፊት መሄድ ጀመረ። አያ ስንሻው ጎማው ፊት ለፊት ተጋድሟል። አባቴ ያለ የሌለ ኃይላቸውን ሰብስበው መኪናውን ከፊት በደረታቸው ይገፋሉ፤ «ያዘው! ያዘው!» ይላሉ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ አቆምሁት። ወርጄ ሳይ በጎማውና በአያ ስንሻው እግር መካከል ያለው አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር።

ነፍሱ አለች። ዓይኑን ገልጦ ያየናል። ከጆሮው ሥር ትንሽ ደም ይወርዳል እንጂ ሌላ የሚታይ ቁስል የለውም።

«አያ ስንሻው፣ ትሰማኛለህ?»

«ለምን አልሰማህም» አለ፤ ድምፁ ግን ከሩቅ ነበር የሚመጣው።

በርሜሎቹን ገልብጠን አወረድን። ሠራተኞቹ የሚጠብቁት ውሃ መንገድ ላይ ፈሰሰ። የሰሊጥ ሸራ ከኋላ አነጠፍንና እኔ በብብቱ፣ አባቴ በእግሩ ይዘን ቀስ ብለን ጫንነው። አባቴ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መሪውን ሲተዉልኝ አላዩኝም። እኔም አላየኋቸውም።

ከዚያ እስከ ሸሕዲ ያለው መንገድ ሁለት ሰዓት ወሰደብን። ብፈጥን መንገዱ ይንጠዋል፤ ብዘገይ ጊዜው ያልቃል። የጋቢናው የኋላ መስታወት ክፍት ስለነበር ንግግራቸው ሁሉ ይሰማኛል።

«አበልጄ፣ እስቲ እግሬን ቀና አርግልኝ» አለ አያ ስንሻው።

«ቀና ነው፣ አበልጄ።»

«አይደለም፣ ታጥፏል።»

«እሺ፣ ይኸው ቀና አደረግሁልህ።»

እግሩ ቀና እንደነበር በመስታወቱ አይቻለሁ። እሪ ማለት አማረኝ፤ ግን መንገዱን ማየት ነበረብኝ።

አንድ ቦታ ላይ ጎርፍ የተኛበት ጥቁር አፈር አለ። ስንሄድ በዳር በኩል አልፈነው ነበር። አሁን ከችኮላዬ የተነሳ መሀሉን ገባሁበት፤ ጎማው ባለበት እየዞረ ጭቃ መርጨት ጀመረ። ነዳጅ ስሰጠው ይብሱን ሰመጠ። አባቴ የአያ ስንሻውን ጭንቅላት ነጠላ ጫማቸውና የእኔ ጃኬት ላይ አሳርፈው ወረዱና በባዶ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው መግፋት ጀመሩ። ያ ደረጃ መውጣት የሚከብደው ጉልበት እስከ ግማሹ ሰምጦ ይገፋል። «ስጠው! ስጠው!» ይሉኛል። እንዴት እንደወጣን እስከ ዛሬ አላውቅም። ተመልሰው ሲወጡ አያ ስንሻው «አበልጄ፣ ጉልበትህን እኮ ያምሃል» አላቸው። አባቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

«ይቅር በለኝ። እግሬ ናት። ይቺ እግሬ ናት የገደለችህ።»

«ማን ሞተና ነው?» አለ አያ ስንሻው። «ራሱ ነው የወደቀ በሉ። ሳይጠነቀቅ ቁሞ ወደቀ በሉ። ከደረስን እኔም እንዲያ እላለሁ።»

እኔ ከፊት ሆኜ ጮህሁ። «የእኔ ጥፋት ነው፣ አያ ስንሻው! ማንዋል ቢሆን ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር! እኔ ነኝ ይህን መኪና ያመጣሁት!»

«አንተ ደግሞ መንገድህን እይ» አለኝ። ለእኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

አባቴ ስለ እግራቸው ይቅርታ እየጠየቁ፣ እኔ ስለ ማርሽና ስለ ፍሪሲዮን እየለፈለፍሁ ሄድን። የሸሕዲ ቆርቆሮዎች ከሩቅ መታየት ጀምረው ነበር። ደረስን ብዬ ልቤ መለስ ሲል ጋቢናው ሁለቴ ተንኳኳ። አባቴ ናቸው።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ፍሬን ይዤ አላውቅም። መኪናው ከቆመ በኋላ እንኳ ወደ ኋላ ለመዞር ጊዜ ወሰደብኝ። አባቴ የአያ ስንሻውን ዓይን በእጃቸው ከድነው ተቀምጠዋል። «ቀስ ብለህ ንዳ፤ አሁን አያስቸኩልም» አሉኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ማን እንደነዳ ሲጠየቅ እኔ «እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ በእጃቸው ገታ አደረጉኝ።

«ሟቹ ራሱ ወደቀ በሉ ብሎናል» አሉ። «ልጄም ሊሸፍነኝ ይፈልጋል። ሁለቱንም አትስሟቸው። የነዳሁት እኔ ነኝ፣ የረገጥሁትም እኔ ነኝ።»

አስከሬኑን ይዤ ጎጃም የሄድሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አባቴ ጣቢያ ነበሩ። የሰሊጡን ነገር አትጠይቁኝ። ግማሹ ተራገፈ፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ጉዳዩ በሕግም በሽምግልናም በኩል አለፈ፤ ዝርዝሩን ማውራት አልፈልግም። መኪናውን ሸጥሁት። አባቴም ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጡም። እንዲያ የፈሩት ነገር፣ መሪያቸውን ማጣት፣ መጣባቸው፤ ያመጣሁባቸውም ከዚያ ላድናቸው የለፋሁት እኔ ነኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ መኪና የምትመርጡ ካላችሁ፣ አውቶማቲክ ክፉ ነው እያልሁ አይደለም። ጥሩ ነው። ለታመመ ጉልበት ደግሞ መድኃኒት ነው። እኔን የጎዳኝ መኪናውን አውቄ ሰውየውን አለማወቄ ነው። አንድ እሁድ አስተምሬ «አልፈዋል» ከማለት አንድ ወር አብሬ ብነዳ፣ ከኋላቸው ሰው ባላስጭን፣ ዛሬ ሌላ ወሬ አወራችሁ ነበር። እጅ የለመደውን፣ እግር የለመደውን ነገር ሰው በአፉ «ገባኝ» ስላለ አይተወውም።

በአርባው ቀን፣ አባቴ በዋስ ወጥተው ስለነበር፣ እሳቸውና እኔ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነን ጎጃም አያ ስንሻው ቤት ሄድን። አባቴ ደጁ ላይ ድንጋይ ተሸክመው ተንበረከኩ። ባለቤቱ እታለም የሺ ወጣች። ድንጋዩን ራሷ አወረደችላቸውና እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው አርገው መልሰውልኛል። ይቅር ብያለሁ፣ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልዎ» አለች። ሽማግሌዎቹ አመሰገኑ። ከዚያ ስንቀመጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ለምን ነበር ያንኳኳው?»

አባቴ እኔን አዩ። እኔ አባቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ አንደበቱ ሳይዘጋ፣ አብረን ተጉዘናል። ስለ እግር አውርተናል፣ ስለ መኪና አውርተናል፣ ይቅርታ ጠይቀናል፣ ተከራክረናል። ምን ፈልገህ ነበር ያለው ሰው ግን የለም። ሁለታችንም ስለ ራሳችን ጥፋት ስንጮህ ለሰውየው ጊዜ አጣን።

«አናውቅም» አሉ አባቴ።

እሷም «ምናልባት ውሃ ጠምቶት ይሆናል» አለችና ለራሷ መልስ ሰጠች።

ከዚያ ወዲህ አባቴ መገመት አላቆሙም። እራት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ጋራዤ መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ በድንገት ይናገራሉ። «ባርኔጣው ወድቆበት ይሆናል።» «ይሆናል፣ አባባ» እላለሁ። «የሚያውቀው ሰው በእግሩ ሲሄድ አይቶ ይሆናል፤ ሰው ጥሎ ማለፍ አይወድም ነበር።» «ይሆናል።»

ያለፈው ሳምንት ደግሞ «ምናልባት ቀስ በል ሊለኝ ይሆናል» አሉኝ።

«ይሆናል» ማለት አቃተኝ። የፍጥነቱን መቁጠሪያ ያን ዕለት አይቼው ነበር። ቀስ ይበሉ ልላቸው አስቤ፣ ጉልበቴን አላመመኝም ብለው እንደዚያ ሲስቁ ደስታቸውን ላለማበላሸት ዝም አልሁ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም።